ከቆሻሻው ተራራ ሥር ያለ ሰፈር

አዲስ አበባ የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮባት አያውቅም። በአገራችን የድንጋይ ከሰል የሚገኘው ከዚህ ርቆ ነው፤ ይኸውም በጎንደር በኩል በጭልጋ፣ በኢሉባቦር በያዩ፣ በጂማ በኩል በደልቢና በሞዬ ነው። በከተማችን ቤቶች ‹‹ከሰል›› ሲባል የእንጨቱ ከሰል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ፣ የነፋስ ስልክ ላፍቶና የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች በሚዋሰኑበት ስፍራ፣ በብዙ ነገሩ የከሰል ቆፋሪዎችን መንደር የሚመስል ሰፈር አለ። ሰዎቹ ከንጋት እስከ ምሽት ተራራ እየቆፈሩ የዕለት እንጀራቸውን ሲያወጡ ኖረዋል። ተራራው በሆዱ ጋዝ ያምቃል፤ ውስጥ ውስጡን ይነድዳል፤ ጢሱ ከቆፋሪዎቹ ሳንባ ይገባል። በመጨረሻም ተንዶ ብዙ ቤተሰብ ቀበረ። ልዩነቱ ይህን ተራራ የሠራው የከተማው ሕዝብ መሆኑ ነው። ስፍራው ረጲ ይባላል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ‹‹ቆሻሻ›› ከሚለው ቃል በወጣለት ስሙ፣ ቆሼ ተብሎ ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ በቆሼ ስለ ደረሰው ናዳ ያልሰማ በመካከላችሁ ይኖራል ብለን አንገምትም። በዚያን ሰሞን ብርድ ልብስና ገንዘብ ያዋጡ አጥቢያዎች እንደ ነበሩም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ግን ከምእመናንም ሆነ ከፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል፤ ‹‹ሰው እንዴት እያወቀ ቆሻሻ ሥር ቤት ይሠራል?›› የሚል ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። መልሱ ያለው በሰፈሩ ታሪክ ውስጥ ስለሆነ፣ ታሪኩን ከመነሻው ልናወሳላችሁ ወደድን።

መጀመሪያ የመጡት ሕሙማን ነበሩ

ከቆሻሻው አስቀድሞ በዚያ አካባቢ የነበረው ሆስፒታል ነው። በኢትዮጵያ የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮንን ሥራ የጀመሩት ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተቋቋመው ሚሲዮን በተገኘ እርዳታ፣ ከከተማው ውጭ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አሠሩ። ስሙም ገና በለጋ ዕድሜያቸው ባረፉት በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ተሰየመ። አካባቢው እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከከተማው ውጭ የተደረገበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። በኦሪት ዘመን ለምጻም ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ እንደ ነበረ፣ በሌላውም ዓለም የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የሚሠራው ሰው በማይደርስበት ዳርቻ ነበር።

ሕሙማኑ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ በእግራቸው ነው የመጡት። ሕክምናው በሳምንትና በወር የሚያልቅ አልነበረም። ዳፕሶን የሚባለው ኪኒን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሕመምተኛው ለብዙ ዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ መዋጥ ነበረበት። መድኃኒቱን ትቶ ወደ አገሩ ቢመለስ በሽታው ያገረሽበታል፤ ባያገረሽበትም መሬቱን ዘመድ ይዞታል፤ ትዳሩ ፈርሷል፤ ጎረቤቱም አብሮ አይበላም። ስለዚህ የዳነውም ያልዳነውም ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ጎጆ ቀለሰ። እርስ በርሳቸው ተጋቡ፤ ልጆች ወለዱ። ልጆቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ‹‹የቁምጣ ልጅ›› ከሚል ስድብ አላመለጡም። ይህ ቃል ዛሬ ከአፋችን ሊወጣ የማይገባ ቢሆንም፣ ሰፈሩ የተሠራው በእንዲህ ዓይነት ቃል ተገፍተው በመጡ ሰዎች ስለሆነ ልናልፈው አልቻልንም።

ስለ በሽታው ራሱ አንድ ነገር እንጨምር፤ ለሚቀጥለው ታሪክ ያስፈልገናልና። ሥጋ ደዌ ጣትን የሚበላ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እውነቱ እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ያገኘው ተሕዋስ የሚጎዳው የስሜት ጅማትን ነው። ጅማቱ ሲሞት እጅና እግር መደንዘዝ ይጀምራል። የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ቢይዝ አይለቅም፤ የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢረግጥ አያነክስም። ሰውን አካለ ጎዶሎ የሚያደርገው ሳይታወቅ የቀረው ቁስል ነው። ሕመም የሚባለው ነገር ጠባቂያችን መሆኑን ዶክተር ፖል ብራንድ የተባሉት የእጅ ቀዶ ሐኪም በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት ለዓለም አስረድተዋል። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው በደከሙበት ሐሳብ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በዘነበወርቅ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል፣ በተለምዶ አለርት የምንለው፣ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በሃንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የተቀናጀውን መድኃኒት እንዲሰጥ ከመከረ ወዲህ ሥጋ ደዌ በወራት የሚድን በሽታ ሆኗል። ስድቡ ግን በኪኒን አልዳነም።

እንግዲህ ጥያቄውን ለምናነሣው ለእኛ የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ቆሻሻ አልመጡም። ወደ ሐኪም ነው የመጡት። ቆሻሻው ከእነርሱ በኋላ መጣ።

ተራራው እንዴት እንደ ተሠራ

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ከሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ የከተማውን ጥራጊ የሚደፋበት ቦታ ሲመርጥ፣ ረጲ ከከተማው የራቀ ገጠር ነበር። ለምን ያ ቦታ እንደ ተመረጠ ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም። ከተማ የማይፈልገውን ሰውም ሆነ ነገር የሚያኖረው በዳርቻው ነው፤ ዳርቻው ደግሞ ቀድሞውኑ ‹‹የማይፈለጉ›› የተባሉት የሚኖሩበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከተማው ራሱ ተስፋፍቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። ዳርቻ የነበረው መሐል ሆነ። የቀለበት መንገድ በአጠገቡ አለፈ፤ ፎቅ ቤቶችና ኮንዶሚኒየሞች ከወዲያና ከወዲህ በቀሉ። ‹‹ነፋስ ስልክ›› ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው፤ የቆሼን ወሬ በመንገድ ለሚያልፈው ሁሉ ያለ ሽቦ ሲያደርስ የኖረው ግን ነፋሱ ራሱ ነው፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የክምሩን ስፋት 36 የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ብሎታል።

ቆሼ በሥርዓት የተሠራ መድፊያ አልነበረም፤ ሜዳ ላይ መዘርገፍ ነበር እንጂ። በሥርዓት የሚሠራ መድፊያ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይደረግለታል፤ የሚንጠባጠበው ፍሳሽ በቦይ ተሰብስቦ ይጣራል፤ ጋዙ በቧንቧ ይወጣል፤ በየቀኑ አፈር ይለብሳል። በረጲ ይህ ሁሉ አልነበረም። መኪና መጥቶ ይደፋል፤ ዶዘር ይገፋል፤ በነጋታው ሌላ መኪና ይመጣል። የአዲስ አበባ ጥራጊ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጓዳ ትርፍ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የተረፈ እንጀራ። ይህ ነገር አየር በማያገኝበት ጥልቀት ሲቀበር ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። የከሰል ጉድጓድ ሠራተኞች በዓለም ዙሪያ የሚፈሩት የሚነድድ ጋዝ ይኸው ሚቴን ነው። በቆሼ እሳት ያለ ማንም ጫሪ ይነሣ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከተራራው የሚወጣ እንጀራ

ስለ ቆሼ የጻፉ ብዙ ሰዎች የሚያተኩሩት በመከራው ላይ ነው። መከራው እውነት ነው፤ ነገር ግን መከራውን ብቻ ያየ ሰው ሥራውን አያይም። ቆሼ የሥራ ቦታ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዕለት ዕለት ይሠሩበት ነበር፤ ሥራውም የራሱ ዕውቀት፣ የራሱ ተራና የራሱ ገበያ ነበረው።

ቆፋሪው የሚይዘው ጫፉ የታጠፈ ብረትና አንድ ማዳበሪያ ወይም ጆንያ ነው። መኪናው ገና ወደ ኋላ ሲመለስ ከየት ሠፈር እንደ መጣ ያውቃል። ከሆቴሎችና ከቦሌ በኩል የመጣ ጭነት ሌላ ነው፤ ከድሃ ሰፈር የመጣ ሌላ ነው። ድሃ ብዙ አይጥልማ! የውኃ መያዣ ፕላስቲክ፣ አዲስ አበቤ ሁሉ ‹‹ሃይላንድ›› የሚለው፣ ለብቻው ይለቀማል። ብረት ለብቻው፣ ቆርቆሮ ለብቻው፣ የጫማ ሶል ለብቻው ይለያል። ከዚያ ገዢዎች አሉ፤ ገዢዎቹ ለሌሎች ገዢዎች ያስረክባሉ፤ እቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ፋብሪካ ይደርሳል።

በየበራችን እየዞረ ‹‹ቆራሌው!›› የሚለውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጩኸቱ ‹‹ቆርቆሮ ያለው›› ከማለት አጥሮ የመጣ ነው። በሳህንና በብርጭቆ አሮጌ ልብስ የሚቀይሩትን ልዋጮችም እናውቃለን። የቆሼው ለቃሚ የዚሁ ገበያ የመጨረሻው ሰው ነው። ቆራሌውም ልዋጩም ያለፈውን፣ የቤት ሠራተኛዋም ያልለየችውን፣ እርሱ ከጭቃና ከጢስ መካከል መልሶ ያወጣዋል። ይህን በማድረጉ ለከተማው አገልግሎት ሰጥቷል፤ ከተማው ለዚህ የከፈለው ደመወዝ ግን አልነበረም። ሌላ አገር ቆሻሻ ለመለየት መሣሪያ ተገዝቶ፣ ባለሙያ ተቀጥሮ የሚሠራውን ሥራ ነው በባዶ እጁ የሠራው።

አደጋውም በዚያው ልክ ነው። ከሆስፒታል የወጣ መርፌ አለ፤ የተሰበረ ጠርሙስ አለ፤ ከሥር የሚነድድ አመድ አለ፤ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና አለ። ስለ ደነዘዘ እጅ የጻፍነውን እዚህ ላይ አስታውሱት። በሥጋ ደዌ ጅማቱ የሞተበት ሰው እጁን ወደዚህ ክምር ሲሰድድ ምን እንደሚያገኘው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት ሲለምኑ፣ ሌሎቹ በጥልፍና በሽመና ሲሠሩ ኖረዋል። በቆሼ የሠሩት ግን ልመናን የጠሉ ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ኋላ ደግሞ ከገጠር በድርቅና በሥራ እጦት የመጡ፣ ከሌላ ሰፈር ቤት የፈረሰባቸው፣ ኪራይ ያልቻሉ ሰዎች ተጨመሩ። ተራራው ሥር የቤት ኪራይ ርካሽ ነበር፤ ሥራውም በር ላይ ነበር። የጥያቄያችን ሁለተኛው መልስ ይህ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009

ክምሩ እንደ ሞላና ጊዜው እንዳለፈበት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ታውቆ ነበር። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ በሰንዳፋ በኩል ዘመናዊ መድፊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። በሰንዳፋ ያሉ ገበሬዎች ግን ፍሳሹ ውኃችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ ብለው ተቃወሙ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ሰንዳፋ ተዘጋ፤ የከተማውም ቆሻሻ ወደ ረጲ ተመለሰ። የሰንዳፋ ገበሬዎች እምቢ ማለታቸው ሊገርመን አይገባም። የሌላ ሰው ቆሻሻ በደጁ ሲደፋ ዝም የሚለው አማራጭ የሌለው ሰው ብቻ ነው። በረጲ ያሉት ያን ጊዜ አማራጭ አልነበራቸውም።

በወራት ጊዜ ውስጥ በአሮጌው ክምር ላይ አዲስ ጭነት ተጨመረ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2017) ማታ፣ ሰው ከቤቱ ገብቶ እራት በሚልበት ሰዓት፣ የተራራው አንድ ወገን ተንዶ በሥሩ ያሉትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ጨምሮ ግንብ ቤቶችንም ዋጠ። ፍለጋው ለቀናት ቆየ። ዘመዶች የጠፉባቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ይዘው በቁፋሮው ዳር ቆሙ። የሞቱት ከ110 በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ።

ክምር ቆሻሻ የሚናደው እንዴት ነው? ምክንያቱ አስማት የለበትም። አፈርና ድንጋይ በሆነ ተራራ ውስጥ ቅንጣት ከቅንጣት ተያይዞ ይቆማል። በቆሻሻ ክምር ውስጥ ግን ዛሬ ጠንካራ የሆነው ነገር ነገ በስብሶ ልል ይሆናል። ፕላስቲክ ሲነጠፍ እንደ ሸርተቴ ነው። ውኃ ሲገባበት ክብደቱ ይጨምራል፤ ዝናብ ባይኖር እንኳ የሚበሰብሰው ነገር ራሱ ፍሳሽ ያወጣል። ጋዙ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። እሳት ከሥር ሲበላው ባዶ ዋሻ ይፈጠራል። በዚህ ላይ ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመና ከላይ አዲስ ክብደት ከተጫነበት፣ ጥያቄው መቼ ይናዳል የሚለው ብቻ ይሆናል። የቆሼ ነዋሪዎች በላይ የሚሠሩት ዶዘሮች ክምሩን እንደ ገፉት፣ ከዚያ በፊትም አነስተኛ ናዳዎች ሰው እንደ ገደሉ በወቅቱ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በማኒላ ፓያታስ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2000 ከ200 በላይ ሰዎች በቆሻሻ ናዳ አልቀዋል። በኢንዶኔዥያ ባንዱንግ አጠገብ በ2005፣ በኮሎምቦ ደግሞ ከቆሼ አንድ ወር በኋላ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ጎረቤታችን ካምፓላ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 በኪቴዚ የቀበረቻቸው አሉ። በሁሉም ዘንድ ከሥር የነበሩት ድሆች ናቸው።

የአበርፋን መንደር

የድንጋይ ከሰልን ያነሣነው ለምሳሌ ያህል ብቻ አልነበረም። የእርዳታ ገንዘብ የምትሰጡም የምታከፋፍሉም ሁሉ ልታውቁት የሚገባ አንድ የከሰል መንደር ታሪክ ስላለ ነው። መንደሩ በዌልስ አገር የሚገኘው አበርፋን ነው። ከጉድጓዱ ከሰል ሲወጣ አብሮ የሚወጣው ጥቅም የሌለው አፈርና ዝቃጭ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ይከመር ነበር። ሰባተኛው ክምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ የተከመረው ምንጭ በሚፈልቅበት መሬት ላይ ነበር። በ1963 የአካባቢው አስተዳደር መሐንዲስ ክምሩ ከታች ላለው ትምህርት ቤት አስጊ መሆኑን ጽፎ አመለከተ። የሰማ አልነበረም። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጠዋት፣ ልጆች ገና ከክፍል እንደ ገቡ፣ ክምሩ ወርዶ ትምህርት ቤቱን ደፈነው። 144 ሰዎች ሞቱ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

የተሾመው መርማሪ ጉባኤ በ1967 ባወጣው ዘገባ ጥፋቱ የብሔራዊ የከሰል ቦርዱ መሆኑን በግልጽ ፈረደ። እግዚአብሔር ያመጣው ነው፣ ዝናብ ያመጣው ነው የሚለው ምክንያት አልተቀበለም። ከዚያ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። ከዓለም ዙሪያ ሰው ለኀዘንተኞቹ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አዋጥቶ ነበር። በመንደሩ በላይ የቀሩት ክምሮች ይነሡልን ብለው ሕዝቡ ሲጠይቁ፣ ባለሥልጣኖቹ ከዚያው ከኀዘንተኞቹ መርጃ ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ወስደው ለማንሻው ከፈሉ። ልጅ የሞተበት ሰው ልጁን የገደለበትን ክምር ለማስነሣት ከፈለ ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። የዌልስ መንግሥት በ2007 ተጨማሪ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቷል።

ይህን የምንጽፈው ቆሼንና አበርፋንን እኩል ለማድረግ አይደለም፤ ልዩነታቸው ብዙ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ ከክምሩ ሥር የሚኖሩት ሰዎች ከሁሉ ቀድመው አደጋውን ያወቁ ነበሩ። በአበርፋን ደግሞ ለሰዎች የተሰጠ እርዳታ ለሌላ ባለ ዕዳ ሥራ መዋሉን አይተናል። የምታዋጡት ብር ለኀዘንተኛው ቤት፣ ለልጁ ትምህርትና ለሥራ መነሻው መዋሉን፣ ወይስ ከተማው በራሱ በጀት ሊሠራው ለሚገባው አጥርና ቦይ መዋሉን መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኛም ልንመልስ ይገባናል።

ከዚያ ወዲህ

ከናዳው በኋላ ክምሩን ለማረጋጋት ሥራ ተሠርቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በጃፓን መንግሥት እርዳታ ‹‹የፉኩኦካ ዘዴ›› የሚባለውን በረጲ አስገብቷል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጃፓን ፉኩኦካ ከተማ የተገኘ ሲሆን፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የተበሳ ቧንቧ በክምሩ ሥር ይዘረጋል፤ ፍሳሹ በእርሱ ይወርዳል፣ አየር ደግሞ በእርሱ ይገባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ሚቴን ማውጣቱን ይቀንሳል፤ ቶሎ በስብሶም ይረጋል። ገደል የነበረው ጎን እንደ እርከን ተደልድሎ ይሠራል። እርከን ማለት ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኮንሶ ሰው ቢጠየቅ ያስተምር ነበር።

በዚያው በረጲ ሲሠራ የቆየው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያም ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎለታል። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ወጪው 120 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። አሠራሩ እንደ ከሰል ጣቢያ ነው፤ እሳቱ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ችግሩ ማገዶው ነው። የጓዳ ትርፍ የበዛበት እርጥብ ቆሻሻ በቀላሉ አይነድድም፤ ሙቀቱ ውኃውን በማድረቅ ያልቃል። ደኅና የሚነድደው ወረቀትና ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ የቆሼው ለቃሚ እንጀራ ነው።

በናዳው የተረፉት መጠለያ፣ ኋላም ቤት እንዲያገኙ ተደርጓል። ተራራው ሥር መኖር ማንም ሊመልሰው የማይገባ ነገር ስለሆነ ከዚያ መነሣታቸውን እንደግፋለን። ሆኖም ቆፋሪን ከጉድጓዱ ስታርቀው ከሞት ታድነዋለህ፤ በዚያው ቀን ሥራ አጥ ታደርገዋለህ። የዌልስ የከሰል ጉድጓዶች ሲዘጉ ያ ሁሉ መንደር ምን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የአበርፋኑ ጉድጓድ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በረጲም መኪናው በቀጥታ ወደ ማቃጠያው ሲገባ፣ ብረቱን ይዞ የሚጠብቀው ሰው ሌላ መላ ያስፈልገዋል። ቆሻሻን ከየቤቱ ለይተው በሚሰበስቡ ማኅበራት ውስጥ እንደ ባለ ሙያ መግባት አንዱ መንገድ ነው፤ ሃይላንድን ከጀሪካን፣ አሉሚኒየምን ከቆርቆሮ በእጁ ዳሰሳ የሚለይ ሰው ሥልጠናውን ከማንም አስቀድሞ ጨርሷል። በሥጋ ደዌ የተጎዱ ወገኖች የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር ስላላቸው፣ በዘነበወርቅ ሥራ የሚጀምር ፕሮጀክት ሁሉ አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር ቢመክር ይጠቅመዋል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስለ ስም ዝርዝር አንድ ነገር ማንሣት እንፈልጋለን። ከእንዲህ ዓይነት አደጋ በኋላ የተጎጂዎች መዝገብ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከቤት ባለቤትነት ወረቀት ወይም ከቀበሌ መታወቂያ ነው። ቆሼን በመሰለ ሰፈር ግን አንድ ግቢ ውስጥ ባለ ቤቱ አለ፣ በአንድ ክፍል የተከራየ ቤተሰብ አለ፣ በጓሮ ላስቲክ ወጥሮ የሚያድር አለ፣ ከገጠር መጥቶ መታወቂያ ያላወጣ የዘመድ ልጅ አለ። የመጀመሪያው ወረቀት አለው፤ የቀሩት የላቸውም። ወረቀት ከሌላቸው የሞቱትን እንኳ ቆጥሮ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ወደ ሰፈሩ ስትገቡ ከቀበሌው መዝገብ ጋር የእድሩን መዝገብ ጠይቁ። እድር ወርሃዊ መዋጮ የከፈለውን ይጽፋል እንጂ ካርታ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የአባሉም የቤተሰብ ስም፣ ሚስትና ልጅ፣ አብሮት የሚኖር እናትና አባት ጭምር፣ በእድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ እጅ ተጽፎ ይገኛል።